በሜርኩሪ ሦስት ዓመቱ ነበር

መሥሪያ ቤቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካሌንደር የመጨረሻ ገጹ ከሌሎቹ ይለያል። አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀናቸውን ይዘው ገጻቸውን ሲሞሉት፣ ጳጉሜ ግን አምስት ቁጥር ብቻ ተሰጥቷት የቀረው ወረቀት ነጭ ነው። ዘንድሮም ሰው ሳያየኝ ገለጥሁትና ከአምስት ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቴ ነካሁት። እዚያ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቀን አለች፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣ። ወንድሜ የተወለደው በእሷ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነበር። ከኛ በር እስከ ውሃው ድረስ አንድ ሜዳና ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ብቻ ነበር ያለው። ማታ ማታ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ጠዋት ደግሞ የሞተር ጀልባዎቹ ድምፅ ይቀሰቅሰናል። አባቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክነት ተቀጥሮ መጣና የመራዊዋን እናቴን አግብቶ እዚሁ ቀረ። ከሥራ ሲመለስ ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዞ ነበር የሚገባው። በጣም ትንሽ ሳለሁ ፋብሪካው ውስጥ ሰውን የሚያስረጅ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ስታጥበው ግን ተመልሶ ልጅ ይሆናል።

እኔ ዓይን አፋር ነበርሁ። አሁንም ነኝ። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው ከከንፈሬ አያልፍም ነበርና፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ቀሪ ተብዬ የተመዘገብሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

አራተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ለት፣ ከግቢው ልጆች ጋር ዝናቡ ውስጥ ወጥተን «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልን እንዘል ነበር። እናቴ ትልቅ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በር ላይ ቆማ ትስቅብናለች። በሦስተኛው ቀን ወለደች። ዘመነ ሉቃስ ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ጳጉሜ ስድስት ከቀትር በኋላ።

ከቤታችን ቀጥሎ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ የወረታ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ልጁን ለማየት ሲገቡ ገና ከበሩ ጀመሩ።

«እሰይ ይሄ ልጅ! ልደቱ በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ከድግስ ገላገላችሁ!»

«እትዬ ዘሀራ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል» አለች እናቴ።

«ምነው እኔንስ እናቴ እንዲህ ባለ ቀን ወልዳኝ ቢሆን! ይሄኔ የአሥር ዓመት ኮረዳ ነበርሁ።»

አባቴ ሕፃኑን እንዳይሰበርበት የፈራ ይመስል በመዳፉ ይዞ፣ «ተረፈ እንበለው» አለ። «ከዓመቱ በተረፈች ቀን ነው የመጣ።» እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ስሙን የወደደችው በሌላው ትርጉሙ ነው። ተረፈ። ደጋግማ አለችው፤ እንደ ጸሎት።

ተረፈ ሲጠባ ያልበው ነበር። ጡት መጥባት ዳገት እንደ መውጣት ሆኖበት፣ ሁለት ሦስቴ ስቦ ያርፋል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ሲያለቅስ ከንፈሩ እንጆሪ እንደ በላ ልጅ ይጠቁራል። ጥቅምት ሲገባ ሆስፒታል ወሰዱት። ሲመለሱ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እትዬ ዘሀራም ተከትለዋት ገቡ።

«ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ አሉኝ። ዓመት ይሙላውና ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ እንልከዋለን፤ እስከዚያ ብርድ እንዳይመታው አሉ።»

«ታዲያ ዓመት ምን አላት? ዓይን ጨፍኖ መግለጥ እኮ ናት።»

«ዓመት ከሞላውማ ተረፈ ማለት ነው» አለች እናቴ፤ የተናገረችው ስሙን ይሁን ተስፋዋን አልለየሁም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ዓመት የሚለው ቃል ሌላ ሆነ። ድሮ የበዓል ቃል ነበር፤ ሽማግሌዎች ቂጣና ጠላ ይዘው «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» የሚሉት። አሁን በክረምት እንደሚሞላ ወንዝ ሆኖ ከፊታችን ተጋደመ። ወዲያ ማዶ የተሻገረ ይድናል። ጠያቂ ሁሉ ሲመጣ እናቴ የምትመልሰው አንድ ነው፦ ዓመት ይሙላው ተብሏል። በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት ተዘጋ፤ ስንጥቁ በጨርቅ ተወተፈ። ሕግ ወጣ፦ ዓመት እስኪሞላው ተረፈ ከደጅ አይወጣም፤ ሐይቅ ዳርማ በጭራሽ። ልጁ ሐይቁን በጆሮው ብቻ ነበር የሚያውቀው። የጀልባ ድምፅ ሲሰማ መጥባቱን ትቶ ወደ ተዘጋው መስኮት ያፈጣል።

እኔ ታዲያ አንድ ቀን ካሌንደሩን ገለጥሁት። ዓመት የሚሞላበትን ቀን በእርሳስ ልከብለት ፈልጌ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ነጭ ወረቀት። መጪዋ ጳጉሜ ስድስት አልነበራትም። እርሳሱን እንደ ያዝሁ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ። ወንድሜ ዓመት የሚሞላበት ቀን የለም ማለት ነው። የልደቱ ቀን እስክትመጣ አራት ዓመት፤ እስከዚያ ደግሞ ሐኪሞቹ አይነኩትም። ለማንም አልተናገርሁም። ትልልቆቹ ይህን ሳያዩት የቀሩ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ከነገርኋቸው ደግሞ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን የአካባቢ ሳይንስ መምህራችን መምህር አንዷለም ስሜን ጠርተው፣ «አባትሽ ፋብሪካ አይደል የሚሠራ? እስቲ ክር አምጪልን» አሉኝ። ትርፍራፊ የተጠቀለለበት አንድ ትልቅ የክር ጥቅል አባቴ ሰጠኝ። በማግሥቱ ክፍሉ በሙሉ ግቢው መሃል ወዳለው ዋርካ ወጣን። ዋርካው ፀሐይ ነው ተባለ። መምህር አንዷለም ከግንዱ እየጀመሩ በልዩ ልዩ ርዝመት ክር አሰሩና ጫፍ ጫፉን ለስምንት ልጆች አስያዙ። ደፋሯ ብርቱካን ግንዱ ሥር ቆማ ሜርኩሪ ሆነች። እኔ ከሁሉም ርቄ፣ አጥሩ አጠገብ፣ ኔፕቱን ተደረግሁ። ድምፅ የማታሰማ ልጅ እዚያ ብትሆን ማንም አይጎዳም ብለው ይሆናል።

እሳቸው ያጨበጭባሉ። ብርቱካን በእያንዳንዱ ጭብጨባ ሁለት እርምጃ ትሮጣለች። መሬት የሆነው ልጅ አንድ ይራመዳል። ከዋርካው እየራቀ በሄደ ቁጥር እርምጃው እየቀነሰ፣ እኔ በየአሥሩ ጭብጨባ አንዴ እግሬን አነሳለሁ።

«ልብ በሉ!» አሉ። «ዓመት ማለት አንድ ዙር ነው፤ ሌላ አይደለም። ለፀሐይ የቀረበው መንገዱ አጭር ነው፤ አጥብቃ ስለምትስበውም ይሮጣል፤ ካልሮጠ ይወድቅባታል። የራቀው ግን መንገዱ ይረዝማል፤ ስበቷ ስለሚላላበት እርምጃውም ይዘገያል። ስለዚህ የሜርኩሪ ዓመት በእኛ ቀን ሰማንያ ስምንት ነው። የኛ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት።»

«ቲቸር፣ እኔ ልደቴን አራቴ አከበርሁ!» ብላ ጮኸች ብርቱካን እያለከለከች።

«አርጅተሻላ!» አላት ማርስ የነበረው ልጅ። «ሽበትሽን እዪው!»

የዕረፍት ደወል ተደወለ። ሁሉም ክሩን ጥሎ ወደ ውሃ ቧንቧው ሮጠ። እኔን ግን ማንም ቁሚ አላለኝም። ጭብጨባውን በልቤ እየቆጠርሁ፣ ክሬን ይዤ፣ አጥር አጥሩን መሄዴን ቀጠልሁ። መምህር አንዷለም ክሩን ሊጠቀልሉ ተመልሰው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ! ደወል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዓመቴ አልሞላም።»

ሳቁ። ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በመሐረብ እስኪጠርጉ ሳቁ። «የኔፕቱን ዓመት በእኛ መቶ ስልሳ አምስት ዓመት ነው፤ እኔም አንቺም አንደርስበትም። ነይ ግቢ።»

ሰው ስለሌለ ይሁን ስለሳቁ አላውቅም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ ጠየቅሁ። ጳጉሜ አንዳንዴ ስድስት የምትሆነው ለምንድን ነው አልኋቸው። ደስ አላቸው። መሬት አንድ ዙር የምትጨርሰው በሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ልክ እንዳልሆነ፣ ስድስት ሰዓት ያህል እንደሚተርፍ፣ ያ ትርፍ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ አንድ ቀን እንደሚሆን ነገሩኝ።

«ታዲያ ጳጉሜ ስድስት የተወለደ ሰው ዓመት የሚሞላው መቼ ነው?»

ክሩን እየጠቀለሉ፣ ሐሳባቸው ወደ ሻይ ቤቱ የሄደ ይመስለኛል፣ «በአራት ዓመት ነዋ!» አሉ። ፊቴ ሲጠቁር አይተው ደግሞ ሊያስቁኝ፣ «ከቸኮለ ሜርኩሪ ላይ ይቁጠር! በሰማንያ ስምንት ቀን ይሞላለታል» አሉኝና የተረፈውን ክር ለአባትሽ መልሺ ብለው ሰጡኝ።

ክሩን ለአባቴ አልመለስሁም። ከሱ ላይ ረዘም አድርጌ ቆረጥሁና ተረፈ ለኖረው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቋጠሮ ቋጠርሁ፤ አርባ ሰባት። ከዚያ በኋላ በየማታው አንድ እጨምራለሁ። ሜርኩሪ ላይ እንደማንኖር ጠፍቶኝ አይደለም። ነገር ግን ዓመት ማለት አንድ ዙር ነው፣ ሌላ አይደለም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥርጣሬ ሲይዘኝ ደግሞ እትዬ ዘሀራን ጠየቅሁ። ጾማቸው አንዴ በበጋ አንዴ በክረምት የሚመጣው ለምን እንደሆነ።

«የኛ ዓመት በጨረቃ ነው ልጄ። ከናንተ በአሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል።»

«የትኛው ነው ልኩ?»

«ሁሉም ልክ ነው። ጨረቃን አይቶ የቆጠረም፣ ፀሐይን አይቶ የቆጠረም አልዋሸም።»

ከዚህ ወዲያ ምን ማረጋገጫ እፈልጋለሁ!

ኅዳር ሃያ ስምንት ሰማንያ ስምንተኛውን ቋጠሮ ቋጥሬ፣ ተኝቶ ሳለ በጆሮው «ዓመት ሞላህ» አልሁት። አዛጋ። ለእናቴ ልነግራት አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። የካቲት መጨረሻ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሳል ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በመስተዋት በኩል ነበር ያየሁት፤ ቋጠሮውን እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ቋጠርሁ። አገግሞ ወጣ። ስለወጣ አመንሁ። ቆጠራው እየሠራ ነው ብዬ አመንሁ።

ግንቦት ሃያ አራት ሦስት ዓመቱ ሞላ፤ ማታን ሳልጠብቅ ጠዋቱን ቋጠርሁለት። የመጀመሪያ ጥርሶቹ ወጥተው፣ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። እናቴ ወፍጮ ቤት ሄደች፤ አባቴ የቀን ፈረቃ ነው። ቤቱ በሙቀት ታፍኗል። ጀልባ አለፈ፤ ተረፈ ወደ ተዘጋው መስኮት አፈጠጠ። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሐይቅ የማያይበት ምክንያት አልታየኝም። በእናቴ ነጠላ አዘልሁትና ሜዳውን አቋርጬ ወጣሁ።

ዝናቡ ገና ስላልጀመረ ሐይቁ ሸሽቶ ዳሩ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ነበር። ከደቅ ደሴት የመጣ ታንኳ ማገዶ ያራግፋል። የታንኳው ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ እንደ ነከረ አየኝ።

«ይቺ ልጅ፣ ማንን ነው ያዘልሽ?»

«ወንድሜን።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

ዓይን አፋርነቴ ያን ለት የት እንደ ሄደ አላውቅም። ቀና ብዬ «ሦስት» አልሁት።

«ሦስት?!» እንጨቱን አስቀመጠ። «በመድኃኔዓለም፣ ሦስት ዓመት የሞላት ጊደር እኮ እኛ ዘንድ ትወልዳለች! ምን እያበላችሁት ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ተረፈም የሱን ሳቅ ሰምቶ ከጀርባዬ ሳቀ። አወረድሁትና ጭኔ ላይ አስቀምጬ እጁን ውሃው ውስጥ ነከርሁለት። አንዴ በመዳፉ መታው። ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ። ለቅጽበት ደነገጠ፣ ከዚያ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ቀጭን፣ ትንፋሽ የሚቆራርጠው፣ ግን የማያቆም። ደጋግሞ መታው። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። አይቼዋለሁ። የሐይቁ ቀለም ነው ብዬ አሰብሁ።

ነፋሱ የመጣው ድንገት ነው፤ ግንቦት መጨረሻ እንደዚያ ነው። ደንገሉ ተኛ፤ ትላልቅ ጠብታዎች ጭቃውን በሱት። ነጠላውን ደርቤበት ሮጥሁ፤ ግቢው በር ስንደርስ ሁለታችንም ርሰን ነበር። እናቴ የዱቄት ከረጢቷን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ልጁን ከጀርባዬ ፈታችና ወሰደችው። አልመታችኝም፤ አልጮኸችም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመረው። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አባቴ ከሆስፒታል ተረፈ ታቅፎበት የሄደውን የእናቴን ነጠላ ብቻ በክንዱ ይዞ ተመለሰ።

ድንኳን አልተጣለም። ሕፃን ነውና የግቢው ሴቶች ብቻ በርጩማ ይዘው መጥተው ተቀመጡ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚመታው የሚያለቅሱት ብዙ አይሰማም። ከመካከላቸው አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት፣ ክፉ አስበው አልነበረም፣ «አይ ሕፃን! ተዝካር የለው፣ ሙት ዓመት የለው። እሱስ ዓመት እንኳ ሳይሞላው» አሉ።

«ሦስት ዓመቱ ነው» አልሁ።

ጮክ ብዬ ነበር። ክፍል ውስጥ አቤት ማለት የማልችለው እኔ። ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ።

«ምን አለች?»

«ደንግጣ ነው፤ ውሃ ስጧት።»

«ሦስት ዓመት ሞልቶታል! ሦስት ዓመት ከ…» ቀጥሎ ያለውን አልቆጠርሁትም ነበር። ከሐይቁ ከተመለስን ወዲህ አንድም ቋጠሮ አልቋጠርሁም። እትዬ ዘሀራ ብድግ ብለው ሻሻቸውን አልብሰውኝ ወደ ራሳቸው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ከበሩ ስወጣ እናቴ በሴቶቹ ራስ ላይ አሻግራ ታየኝ ነበር። ያ አስተያየት ምን እንደ ነበር ሳልረዳ ከሦስት ዓመት በላይ ኖርሁ።

ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ተረፈ ከእናቴ ጋር አልተነጋገርንም። የመስኮቱ ጨርቅ ወለቀ፣ የሐይቁ ሽታ ተመልሶ ገባ፤ እኔ ግን ወደዚያ አልሄድሁም። በየዓመቱ ጳጉሜ በአምስት ታልቃለች፤ ልጆች ዝናቡ ውስጥ አሳድገኝ እያሉ ይዘላሉ፤ እኔ ቤት እቀመጣለሁ። የገደልሁት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለማንም አልተናገርሁም፤ ከተናገርሁት እውነት የሚሆን ስለመሰለኝ።

ከዚያ ጳጉሜ ስድስት መጣች። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጠዋት እናቴ ቀሰቀሰችኝና «ተነሺ፣ ሐይቅ ዳር ደርሰን እንምጣ» አለችኝ። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ዳቦ ይዛለች፤ ትኩስ ነበር። ሜዳውን አቋረጥን። ሐይቁ በክረምቱ ሞልቶ ያን ለት የተቀመጥሁበትን ቦታ ውጦታል። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ውሃውን እያየች፣ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ያን ለት ሳቀ?»

ዞር ብዬ አየኋት።

«የታንኳው ሰውዬ በኋላ ነግሮኛል፤ ልጅሽ ሦስት ዓመቱ ነው አለችኝ ብሎ እየሳቀ። ልጁ እንደሞተ አያውቅም ነበር። ሳቀ ወይ?»

«ሳቀ እማዬ። ውሃውን በእጁ መታው። ብዙ ሳቀ።»

 ከዚያ ከጡቷ ሥር መሐረብ አወጣችና ፈታችው። ክሬ ነበር። ፍራሼ ሥር ደብቄው፣ የጠፋ መስሎኝ የተውሁት።

«ፍራሽ ሳገላብጥ አገኘሁት። ቆጠርሁት፤ ሁለት መቶ ስልሳ አራት ነው። ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ አንዷንም አልፈታሁ።»

ያኔ ሁሉንም ነገርኋት። ዋርካውን፣ ሜርኩሪን፣ ሰማንያ ስምንቱን ቀን፣ ካሌንደሩ ላይ ያለውን ነጭ ወረቀት። እናቴ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፤ ፕላኔት ምን እንደሆነ በደንብ አታውቅም። ግን አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ዳቦውን ቆርሳ ለኔ ሰጠችኝ፤ ትንሽ ቁራሽ ደግሞ ውሃው ላይ ጣለች።

«እንዲያ ከሆነ ሞልቶለታል» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ደንገሉ አዙራ፣ «ሐይቁን አይቶ ሄደ። ደግ አደረግሽ።»

ከልቧ ይሁን እኔን ልታኖረኝ ብላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቷን አላየሁትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ውሃ ተማርሁ፤ አሁን ሥራዬ በየጠዋቱ የሐይቁን ከፍታ አንብቦ መመዝገብ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደብቄ ስለ ሕፃናት ልብ ያነበብሁበት ጊዜም ነበር። ልቡ በራሱ ሊያቆም ይችል እንደ ነበር ተጽፏል፤ ብርድ ሊያባብሰው እንደሚችልም ተጽፏል። ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ አላነበብሁም።

ሁለተኛዋን ጳጉሜ ስድስት ከእናቴ ጋር አሳለፍን። ሦስተኛዋ ስትመጣ ብቻዬን ነበርሁ። የእናቴን ሙት ዓመት ካወጣን ገና ወሩ ነበር፤ ለእሷ ድንኳን ተጥሎላት፣ ቄስ ተጠርቶላት፣ ዓመቷ በሥርዓት ሞልቶላታል። እትዬ ዘሀራ ወረታ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ግቢው በር ላይ ይቀመጣል። ቅንድቡ አሁን የእውነት ነጭ ነው፤ የሚያጥበው ሰው ቢኖርም ልጅ አይሆንም። ደንገሉ ሳስቷል፣ ሜዳው ታጥሮ መዝናኛ ሆኗል፤ በአንዳንዱ ዓመት የእምቦጭ አረም ዳር ዳሩን ስለሚሸፍነው ሐይቁ ሜዳ መስሎ ይታያል። ውሃ ለመንካት ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን አሁን ሳስበው ያን ቀን አጥሩ ሥር የነበርሁበት ቦታ ላይ ተመልሼ የቆምሁ ይመስለኛል። ሁሉም ክሩን ጥሎ ገብቷል። ከመካከል የሚስበኝ ነገር ላልቷል፤ ዓመቶቼ ረዝመዋል፣ እርምጃዬም ዘግይቷል። ነይ ግቢ የሚለኝ ግን አልመጣም።

ክሩ አሁን የመሥሪያ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሁለት መቶ ስልሳ አራቱ ነጭ ቋጠሮዎች ራቅ ብሎ፣ ጫፉ ላይ፣ በየጳጉሜ ስድስቱ አንድ አንድ የታሰሩ ሌሎች ሦስት ቋጠሮዎች አሉ። ሁለቱን የቋጠረችው እናቴ ናት። ያ የታንኳ ሰው በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ማገዶውን አስቀምጦ ስንት ዓመቱ ነው ወንድምሽ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ዓይኑን እያየሁ ሦስት እለዋለሁ። ሜርኩሪን ማስረዳት አያስፈልገኝም። በገዛ ቀኑ ቆጥሬለት፣ በዚችው በእኛ መሬት፣ ወንድሜ ሦስት ዓመቱ ነው።